የሌላ ሴት እጅ

ኪኑዮ ሐታኖ ኳሷ ገና ከባላጋራዋ ራኬት ሳትነሳ የት እንደምታርፍ ታውቃለች ይባል ነበር። ጋዜጦችም እንዲሁ ጽፈውላታል። በጠረጴዛ ቴኒስ ሁለት ጊዜ የጃፓን ሻምፒዮን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከዓለም ሦስተኛ የሆነችው በዚሁ ነው፤ በጉልበት ሳይሆን በዓይን። የባላጋራዋን ትከሻ አየት ታደርግና እግሯ ቀድሞ ይሄዳል። ያው ዓይን አንድ ቀን ጉድ እንደሚሠራት ግን የጻፈ ጋዜጣ አልነበረም።

በዚያ የጥቅምት እሑድ ጠዋት፣ ከኦጋኪ ተነስታ ወደ ኪሶ ሸለቆ በሚወጣው ባቡር መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ጣፋጭ አለ፤ በግማሽ ቀርከሃ ውስጥ የረጋ፣ ካኪ ከሚባለው የመኸር ፍሬ የተሠራ፣ ሪሄይ የሚወደው። በሆዷ ደግሞ አንድ ቃል ይዛለች። ቃሏ «እሺ» ነበረች።

ሪሄይ ራኬት ሠሪ ነው። የከሰል አክሳይ ልጅ ሆኖ፣ አባቱ ሲሞት በአሥራ አራት ዓመቱ ወደ ሽማግሌው ኩማዛኪ ዎርክሾፕ ገባ፤ እዚያው አደገ፣ እዚያው መላጊያ መግፋት ተማረ። ኩማዛኪ ወንድ ልጅ የላቸውም። ያለቻቸው ሚትሱዬ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ናት። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ጎበዝ ሠራተኛ ልጅቷን ያገባል፣ የራሱን ስም ትቶ የቤቱን ስም ይወስዳል፣ ሱቁንም ይወርሳል። ማንም ሳይናገረው የሚታወቅ ነገር ነው። በነሐሴ ግን ሽማግሌው ተናገሩት።

ሪሄይ በዚያው ሰሞን ኪኑዮን ወንዙ ዳር ወስዶ ሐብሐብ ቆረሰላትና ነገራት።

«አባባ ኩማዛኪ የቤቱን ስም ሊሰጡኝ ነው።»

«ከነልጅቷ?»

«ከነልጅቷ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«እስከ መኸር ይታገሡኝ አልኳቸው። ኪኑዮ፣ አንቺ እሺ ካልሽኝ ቢላዎቼን ጠቅልዬ እወጣለሁ። ራኬት የትም ይሠራል። እንጨት እንደሁ በየጫካው ሞልቷል።»

«ሞኝ። የኪሶ ሂኖኪ እንጨት በየጫካው ሞልቷል?»

ሳቀ። ሲስቅ ጆሮው ይቀላል። እሷ ግን ያን ቀን አልመለሰችለትም። የምትጫወትለት የፈትል ፋብሪካ ያገባች ሴት አያስቀምጥም፤ ሰርጓ ስንብቷ ነው። የዓለም ሻምፒዮናው ምርጫ ደግሞ በታኅሣሥ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ለሞላት ሴት የመጨረሻው። «ጥቂት ጊዜ ስጠኝ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር አሰበችና፣ ምርጫውን በታኅሣሥ ተጫውታ፣ ብታሸንፍም ብትሸነፍም በጸደይ የከሰል አክሳዩ ልጅ ሚስት ልትሆን ቆረጠች።

አንድ ነገር ብቻ ደብቃዋለች፤ ጣቷን። ካቻምና በልምምድ ላይ በሙሉ ኃይሏ ስትመታ የቀኝ አመልካች ጣቷ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። አጥንቱ ገጠመ፣ መገጣጠሚያው ግን ደርቆ ቀረ። እሷ ራኬቱን የምትይዘው እንደ ብዕር ነው፤ አመልካች ጣት እንደ መንጠቆ ታጥፎ እጀታውን ማቀፍ አለበት። በፕላስተር አስራ፣ በግድ አጥፋ ትጫወታለች፤ ቆዳዋም እየተላጠ ይቆስላል። ለሪሄይ ግን «ድኗል» ብላ ጽፋለት ነበር።

እንዲህ ራኬት የሚይዝ ተጫዋች እጀታውን በጣቱ ልክ በቢላ ያስፍቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያስለሰልሳል። እጀታው የባለቤቱ እጅ ነው፤ የሌላውን ሰው ራኬት መጨበጥ የሌላውን ጫማ እንደማጥለቅ ነውር ነው። የኪኑዮን የፋቀላት ሪሄይ ነበር። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ እርጥብ ሸክላ በእጇ አስጨበጣትና የጣቶቿን ቅርጽ ያዘበት። ከአንድ ሳንቃ ሁለት መንትያ ራኬት ቆርጦ፣ አንዱን ሰጣት። ሁለተኛውን ከሸክላው እጅ ጋር መደርደሪያ ላይ አስቀመጠና «ያኛው ሲያረጅ ይሄ ይጠብቅሻል» አላት። እነሆ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ታኅሣሥን በዚያ በሁለተኛው ልትጫወት ነው የመጣችው።

ዎርክሾፑ በር ላይ ስትደርስ የሂኖኪው ሽታ ተቀበላት። ሪሄይ ግን አልነበረም። የወጣችው ሚትሱዬ ናት፤ እጅጌዋን በገመድ ወደ ላይ አስራ፣ ፀጉሯ ላይ ፍቅፋቂ ተበትኖ።

«ውይ፣ የኦጋኪዋ ኪኑዮ! ሳይነግሩን? ሪሄይ ከአባባ ጋር የግንድ ጨረታ ሄዷል። ይግቡ፣ ከሰዓት ይመለሳሉ።»

ኪኑዮ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሪሄይ መሥሪያ ጠረጴዛ ነው። መንትያው ራኬት እዚያ ተቀምጧል። ወዲያው ነው ያወቀችው፤ የሷ ራኬት ላይ ፀጉር የመሰለች ቡናማ መስመር በግራ ትከሻው ትወጣለች፣ ይሄኛው ላይ ያችው መስመር ከቀኝ ትገባለች። ልቧ ሞቅ አለ። ጠጋ አለች።

ከዚያ እጀታውን አየች።

ተፍቋል። የተፈቀው ግን በሷ እጅ ልክ አይደለም። ጣት የሚታጠፍበት ጎድጓዳ የለም። በምትኩ ከእጀታው ወደ ራኬቱ ገጽ የሚወርድ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ጉድባ አለ። አውራ ጣት የሚያርፍበትም ከቦታው ተነስቶ ዝቅ ብሏል። ጣታቸውን ዘርግተው የሚይዙ ጀማሪዎች ናቸው፤ መያዝ ገና ያልለመዱ የቤት እመቤቶች።

«እሱን ሰው እንዳይነካው ብሎናል» አለች ሚትሱዬ፣ ሻይ እየቀዳች። «ከነሐሴ ጀምሮ ሲፍቀው፣ ሲያስተካክለው ነው። አባባ እንኳ ‹ሚስት ያገባው ከእንጨት ነው እንዴ› ይሉታል።» ሳቀች። «እኔም እኮ ፒንግ ፖንግ ጀምሬያለሁ፤ እዚህ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ ከሴቶቹ ጋር። የሚያስተምረኝ ሪሄይ ነው። እርስዎ ፊት ሳወራው አፍራለሁ፣ አይሳቁብኝ።»

«አልስቅም» አለች ኪኑዮ። መደርደሪያውን ቀና ብላ አየች። «እዚህ አንድ ሸክላ ነበር።»

«ያ የእጅ ቅርጽ? ሰበረው። እኔ ነኝ ስባሪውን ጠርጌ የጣልኩት። ምነው፣ ይፈልጉት ነበር?»

ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ። የኪኑዮ ዓይን የሚትሱዬን ትናንሽ ጣቶች አየ፣ ቀጥ ያለውን ጉድባ አየ፣ ባዶውን መደርደሪያ አየ፤ ኳሷ የት እንደምታርፍ ወዲያው አወቀ። «የማን ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ አፏ ላይ ደርሳ ነበር። ግን የሚያውቁትን ነገር ማን ይጠይቃል?

«ባቡር እንዳያመልጠኝ» አለች። ጣፋጩን ወለሉ ላይ በሁለት እጇ ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው። «ይህ ለቤቱ ነው።»

ሚትሱዬ ከበሩ ቆማ ደጋግማ ጎንበስ እያለች ሸኘቻት። ኪኑዮ ቁልቁለቱን ወረደች። ያቺን «እሺ» ሳትናገራት ይዛት ተመለሰች።

በማግስቱ ከፈረቃዋ በፊት ጻፈችለት።

«ይድረስ ለሪሄይ። በነሐሴ ለጠየቅከኝ መልሴ ይህ ነው። የኩማዛኪን ቤት ስም ውሰድ። እኔ ገና ብዙ የምጫወተው አለኝ። ለአንተም ለሚትሱዬም መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ።»

አራት ጊዜ ጻፈችው፤ በሦስቱ ላይ «ለምን» የሚል ቃል ሾልኮ ገብቶባት ቀደደችው። ስትልከው በባቡር ተሳፍሮ ይመጣል ብላ ነበር። የፋብሪካው ማደሪያ በር ላይ ቆሞ «ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል፣ እኔም የዚያን ጊዜ እሳደባለሁ፣ ከዚያ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ... ብላ ነበር።

የመጣው ፖስትካርድ ነው። «ገባኝ። እንዳልሽው ይሁን። ለታኅሣሥ በርቺ።»

«እትዬ ኪኑዮ፣ ሩዝሽ ቀዘቀዘ» አለቻት ቶኪኮ፣ አብራት የምታድረው የቡድኑ ልጅ። «ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ብዪ። ለቅሶ ቤት እንኳ ይበላል።»

አሰልጣኙ ሳካማኪ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከጠረጴዛው ጥግ ጠሯት። ሻካራ ሰው ናቸው፣ ክፉ ግን አይደሉም። እጇን ይዘው ፕላስተሩን ገለጥ አደረጉና ቁስሉን አይተው መልሰው ከደኑት።

«በታኅሣሥ ካለፍሽ ትሄጃለሽ» አሉ። «ካላለፍሽ ቢሮ ውስጥ ወንበር ለምኜልሻለሁ። ጥሩ ወንበር ነው። መስኮት አለው።»

«አመሰግናለሁ።»

«አታመስግኚኝ። ልጆቹ ሁሉ አሁን ራኬቱን እንደ ሰላምታ ጨብጠው ነው የሚጫወቱት። እንዳንቺ የሚይዝ ሁለት ሰው ቀርቷል። ሌላኛዋ አያት ሆናለች።»

የሪሄይና የሚትሱዬ ሰርግ ኅዳር ሃያ ሦስት ሆነ። ኪኑዮ ከፋብሪካው ጥጥ የተሠራ ጥንድ አንሶላ በነጭ ወረቀት ጠቅልላ ላከች። ወጉ ነው። የሰርግ ስጦታ የተቀበለ ቤትም በወሩ ውስጥ መልስ ስጦታ ይልካል፤ ይህም ወጉ ነው። ስለዚህ ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው የማደሪያው ኃላፊ እማማ ኦሪዬ ጥቅል ይዘው ሲመጡ፣ ኪኑዮ ቀና ብላም አላየችም።

«ከኪሶ ነው» አሉ እማማ ኦሪዬ። «ከኩማዛኪ ቤት። የሴት ጽሕፈት ነው፣ ሲያምር።»

ኪኑዮ ከሩቅ አየችው። ቀጭን፣ አራት ማዕዘን፣ ፎጣ የሚያህል። አድራሻው በአዲስ ሙሽራ እጅ ተስተካክሎ ተጽፏል።

«የሰርጉ መልስ ነው።»

«እስቲ ክፈቺው፣ የሚበላ ይሆናል» አለች ቶኪኮ።

«ከውድድሩ በኋላ።»

«የኪሶ ዋልነት ለውዝ ከሆነ እኔ አራት ቀን አልችልም።»

«ቻይ።»

ጥቅሉን ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ወሸቀችው። ያን አድራሻ የጻፈችው እጅ ራኬት ስትይዝ ምን እንደምትመስል ማሰብ አልፈለገችም። አሰበችው ግን፤ አራቱንም ቀን።

ናጎያ፣ የምርጫው አዳራሽ ውስጥ ከፊቷ የቆመችው ሩሚ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ራኬቷን እንደ ሰላምታ የምትጨብጥ፣ ስትሸነፍም ስታሸንፍም ከረሜላ የምትመጥ። ከሁለቱ አንዷ ናት ለዓለም ሻምፒዮናው የምትሄደው።

ሁለት ሁለት ዙር ተሸናነፉ። አምስተኛው ላይ የኪኑዮ ፕላስተር ረጠበ፤ ላብ መስሏት ነበር፣ ደም ነው። በየነጥቡ መሀል እጇን ሱሪዋ ላይ ትጠርጋለች። የተመልካቹ ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ ሆነባት። አንድ ጊዜ ሳታስበው ቀና ብላ በሩ አጠገብ የቆሙትን ሰዎች ተራ በተራ አየች። ጆሮው የቀላ ሰው አልነበረም። ምን ሊሠራ ይመጣል? የሰው ባል ነው።

አሥራ ዘጠኝ ለሃያ፤ ልጅቷ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ይቀራታል።

ልጅቷ ያመለጣት ኳስ ከፍ ብላ፣ ቀስ ብላ መጣች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለችውን አንድ ሺህ ጊዜ ገድላለች። የምታርፍበትን አወቀች፣ እግሯ ቀድሞ ደረሰ፣ ትከሻዋ ዞረ፤ ሁሉም እንደ ድሮው ነበር። በግድ የታጠፈችው ጣት ብቻ ከደሙ ላይ ሙልጭ አለችና ራኬቱ በመዳፏ ውስጥ የአንዲት ስንዴ ያህል ዞረ። ኳሷ መረቡን መታች። ወደ ራሷ በኩል ተንከባላ መጣችና ጫማዋ አጠገብ ቆመች።

ልጅቷ ከረሜላዋን ወደ ጉንጯ ገፍታ ዝቅ ብላ እጅ ነሳቻት። ሳካማኪ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። ኪኑዮ ጎንበስ ብላ ኳሷን አነሳች። ቀላል ናት። ባዶ ናት። ሰው ዕድሜውን እንዲህ ላለ ነገር ሰጥቶ ሲያበቃ፣ ለማልቀስ እንኳ የሚከብድ ነገር አጥቶ ሲቆም ምን ይባላል?

ከውድድሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቶኪኮ ልብስ እያጠፈች «እትዬ» አለቻት፣ ድምፅዋን አለስልሳ። «ለሰርጉ መልስ የምስጋና ካርድ ካልጻፍሽ ነውር ይሆንብሻል። ልክፈትልሽ?»

«ራሴ እከፍተዋለሁ።»

ቶኪኮ ልብሷን ይዛ ወጣች። ኪኑዮ ጥቅሉን ከብርድ ልብሶቹ ሥር ስባ ገመዱን ፈታች። ፎጣ አይደለም። በቅባት ወረቀት ውስጥ ቡናማዋ መስመር ከቀኝ የምትገባበት ራኬት ነበር።

ለረጅም ጊዜ አልነካችውም። የሌላ ሴት እጅ ነው፤ ነውር ነው። ከዚያ ግን ከወረቀቱ ልታወጣው ስታነሳው እጇ በልማዱ ጨበጠው። ደነዟ ጣቷ ሳትታጠፍ፣ ሳትገደድ፣ ፕላስተርም ሳይጎትታት፣ ያ ረጅም ቀጥ ያለ ጉድባ ውስጥ ገብታ ተኛች። አውራ ጣቷ ዝቅ ብሎ ቦታውን አገኘ። አላመማትም። ካቻምና ከተጎዳች ወዲህ ራኬት ይዛ ሳያማት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

በቅባት ወረቀቱ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ተጣጥፎ ነበር።

«ኪኑዮ፤

ነሐሴ ላይ ሐብሐቡን ስትበዪ ማንኪያውን እንዴት እንደያዝሽው አይቻለሁ። ድኗል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። የደበቅሽው ነገር ስለሆነ አልጠየቅኩሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴን አመልካች ጣት ከመመገቢያ እንጨት ጋር አስሬ ዋልኩ። እንዲያው ሆኜ በላሁ፣ እንዲያው ሆኜ ሠራሁ። የቤቱ ሰው ሳቀብኝ። የማትታጠፍ ጣት የት መተኛት እንደምትወድ ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ። የሸክላ እጅሽን ሰበርኩት፤ እሱን ባየሁ ቁጥር ቢላዬ ወደ ድሮዋ ኪኑዮ እየተመለሰ አስቸገረኝ።

መጥተሽ ሳላገኝሽ መሄድሽን ነገሩኝ። ልመጣ ትኬት ቆርጬ ነበር፤ ደብዳቤሽ ቀደመኝ። አንቺ ነገር ከመድረሱ በፊት የምታይ ሰው ነሽና፣ ያየችው ነገር አለ ብዬ እንዳልሽው አደረግሁ።

አድራሻውን የጻፈችልኝ ሚትሱዬ ናት። ‹ባንተ እጅ ከተጻፈ አትከፍተውም፣ በእኔ ከሆነ ትከፍተዋለች› አለችኝ። ጥሩ ሴት ናት።

በዚህ ተጫወቺ። ከኔ ሌላ ነገር እንዳትቀበዪ፣ ይህን ግን ተቀበዪኝ።

ሪሄይ»

አነበበችው። ደግማ ልታነበው ስትል ዓይኗ እምቢ አላት። አራት ቀን። አራት ቀን ሙሉ ከብርድ ልብሷ ሥር ነበር። ከዚያ በፊትም፣ በጥቅምት፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር፤ እጇን ዘርግታ ብትጨብጠው ያበቃ ነበር። የሌላ ሴት ብላ የሸሸችው እጅ የራሷ ነበር፤ ከካቻምና ጀምሮ በፕላስተር ጠፍራ የደበቀችው። ያቺን ጣት እሱ ተቀብሏት ነበር። እሷ ናት ያልተቀበለቻት።

አለቀሰች። እንደ ልጅ አይደለም፤ አፏን በአንሶላ ይዛ፣ ድምፅ ሳታወጣ።

ከዚያ ፊቷን ታጠበችና ካርድ አወጣች። ስጦታ የተቀበለ ያመሰግናል። ላገባ ሰው የሚጻፍ ካርድም ለባልና ለሚስቱ ነው።

«የተከበራችሁ አቶ ኩማዛኪ ሪሄይና ወይዘሮ ሚትሱዬ፤» ብላ ቆመች።

በዚህ ተጫውቼ ተሸነፍኩ ብትል፣ ሪሄይ ሁለት ወር የታሰረችበት ጣት ከንቱ እንደሆነች ያምናል። ሳልከፍተው ቀረሁ ብትል ደግሞ ምን አስባ እንዳልከፈተችው ያውቃል፤ በጥቅምት ምን አይታ እንደሄደችም ያውቃል፤ ያን እያወቀ በዚያች ጥሩ ሴት ጎን ዕድሜውን ሙሉ ይተኛል። ብዕሩን እንደ ራኬቱ ያዘችው፣ ጣቷን ዘርግታ። ጽሕፈቷ ሳይንቀጠቀጥ ወጣ።

«ስጦታችሁ ደርሶኛል፣ ከልብ አመሰግናለሁ። በሸለቆው በጣለው በረዶ ምክንያት ፖስታው ዘግይቶ የደረሰኝ ከውድድሩ በኋላ ነው። የመንገድ ነገር ነውና አትዘኑ። ለእጄ ልክ ነው።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አየቻት። ለባልና ለሚስት አትጻፍም። ካርዱን ቀደደችና በሌላ ካርድ ላይ ያለሷ ገለበጠችው። ሳታመነታ ወርዳ ከበሩ አጠገብ ያለው ቀይ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ምግብ አዳራሽ ስትገባ ልጆቹ ቁርስ ላይ ነበሩ። ቶኪኮ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት።

«የሚበላ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ይሁን። እንኪ፣ ከኔ ሾርባ ጠጪ፣ ትኩስ ነው።»

ኪኑዮ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። ማንም የማይሰማው ሬዲዮ መስኮቱ ላይ የአየሩን ሁኔታ ያወራል። ክረምቱ እንግዳ ነው ይላል፤ ሞቃት ነው፤ የኪሶ ሸለቆ የበረዶ ሸርተቴ ቤቶች ገና አልከፈቱም፤ በዚህ ዓመት በሸለቆው እስከ ዛሬ አንድም ቀን በረዶ አልጣለም።